ሃያ ስድስተኛው እርምጃ

አባቴን ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀይሜው ኖሬያለሁ። ምክንያቱን ለሰው ስነግር ይስቃል፤ ቼዝ ሲጫወት የኮምፒውተሩ ንግሥት አፉ ላይ መጥታለት ሳይበላት ስለቀረ ነው። ሰው ሲስቅ እኔ የባሰ እበግናለሁ። እነሱ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። እኔ ግን ነበርኩ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ፣ እያንዳንዱን እርምጃ እየጻፍኩ፣ ከአባቴ ክርን አጠገብ።

ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነው። አባቴ ማህጁብ አሶሳ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ጥበቃ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ ተቀያይረዋል፣ በሩ ግን ያው በር ነው። ቼዝ የተማረው በወጣትነቱ ደማዚን ወርዶ የቀን ሥራ ሲሠራ ከሱዳኖች ነው። መጫወቻዎቹን ከቀርከሃ ቆርጦ፣ ግማሾቹን በእሳት አጥቁሮ፣ ራሱ ሠርቷቸዋል። ስማቸውንም እንደለመደው ነበር የሚጠራው። ንግሥቲቱ ለእሱ ንግሥት ሳትሆን ወዚር ናት፤ ጳጳሱ ፊል፣ ግንቡ ደግሞ ጣቢያ ነው። እኔ ፖሊስ ጣቢያ ስለሚመስለኝ ወታደሮቼን ሁሉ እዚያ ሄጄ እወሽቃቸው ነበር።

ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ማንጎው ሥር ሰሌዳውን ይዘረጋና «ነይ» ይለኛል። እቤት የምናወራው በበርታ ቋንቋ ነው። አንዲት ነገር ብቻ ግን ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር የሚላት፤ ሕግ የሚባል ነገር በአማርኛ ካልተነገረ የሚጸና አይመስለውም መሰለኝ። እጄ አንዱን መጫወቻ ነክቶ ሐሳቤን የቀየርኩ እንደሆነ ጣቱን ቀስሮ «እጅ ነካ፣ አለቀ» ይላል። የነካሽውን ትጫወቻለሽ ማለቱ ነው። አልቅሻለሁ፣ መሬት ላይ ተንከባልያለሁ፣ እናቴም «ልጅ ናት፣ ተዋት» እያለች ለምናልኛለች። አንድም ቀን አልማረኝም። በዚህ ሕግ ስንት ወዚር እንደተበላብኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

ከአባቴ ጋር አቻ ለአቻ የሚጫወት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የሂሳብ መምህራችን ቲቸር ይልቃል። እርምጃ አጻጻፍ ያስተማረኝም እሱ ነው። «ጨዋታ ካልተጻፈ እንዳልተጫወትሽው ቁጠሪው» ይለኝ ነበር። አባቴ መጻፍ ስለማይወድ ጸሐፊው እኔ ሆንኩ።

በዚያ ዓመት መሥሪያ ቤቱ አዳዲስ ኮምፒውተሮች መጡለትና ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ኃላፊው አቶ ደባልቄ ድምፅ ማጉያ ጨብጦ በከተማው ሰው ፊት ተናገረ። «ኮምፒውተሩን በቼዝ ያሸነፈ ሰው እዚሁ ግቢ ውስጥ የልጆች ቼዝ አሠልጣኝ ሆኖ ይቀጠራል!» አለ። የሚያሸንፍ ይኖራል ብሎ እንዳልሆነ ከአሳሳቁ ያስታውቅ ነበር። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ሰማው፤ እሱ አልሳቀም። እቤት ሲገባ ዱላውን ጥግ አስደግፎ ለእናቴ እንዲህ ሲላት ሰማሁት፦ «አሠልጣኝ እኮ ክፍል አለው። ወንበር አለው። ልጆች ቆመው ይቀበሉታል።»

እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት የዘበኛ ልጅ መባል ሰልችቶኝ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ የአሠልጣኝ ልጅ እንደምሆን ለክፍሌ ልጆች በሙሉ አወራሁ። ወንበር ላይ ወጥቼ ነው ያወራሁት።

ቀኑ ደረሰና አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። «ማህጁብ! አንተ ነህ የምትገጥመው? በል ግባ፣ ዱላህን ግን ውጭ ተወው!» አለው አቶ ደባልቄ ጀርባውን ቸብ ቸብ እያደረገ። ሕዝቡ ሳቀ። እኔም ከልቤ ሳቅኩ። ቲቸር ይልቃል አባቴን «እርስዎ» ሲለው ደባልቄ «አንተ» ስለሚለው፣ እውነተኛ ወዳጁ ደባልቄ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ጥርሴን ያፋጨኛል። አባቴ ያን ሰውዬ በዐሥር ዓመት ይበልጠው ነበር።

አባቴ የቀርከሃ ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ በሌላ አልጫወትም ብሎ ነው። ደባልቄ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ አባቴ የተጫወተውን ያስገባል፣ ማሽኑ የመለሰውን ደግሞ ጮክ ብሎ ይናገራል። ኮምፒውተሩ ማሰብ ሲጀምር ጅርርር የሚል ድምፅ ያሰማ ነበር። የፈራ መስሎኝ ደስ አለኝ። ማራገቢያው ነበር፤ አዳራሹ ይወብቃል። አሁን የኮምፒውተር መምህር ስለሆንኩ፣ የዚያን ቀኑ ፕሮግራም መካከለኛ ደረጃ ላይ ተደርጎ እንደነበር፣ ጎበዝ ሰው ሊያሸንፈው ይችል እንደነበርም አውቃለሁ። ያኔ የማውቀው አባቴ እንደሚያሸንፍ ብቻ ነው።

ሃያ ስድስተኛው እርምጃ ላይ ማሽኑ ንግሥቱን አምጥቶ አባቴ ፊት ወረወራት። ጠባቂ የላትም። አንድ ተራ ወታደር ዘወር ብሎ ሊበላት ይችላል።  ዐይኔን ማመን አቅቶኝ ደግሜ አየሁ፤ ትበላለች! ቲቸር ይልቃልም አይቷት ኖሮ ከወንበሩ ብድግ አለ። አባቴ አገጩን በመዳፉ ይዞ ቆየ፣ በጣም ቆየ። ከዚያ ንጉሡን አነሳና አንድ ቤት ወደ ጥግ አሸሸው።

ቲቸር ይልቃል ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ደባልቄ ሳቁን ለቀቀው።

«ማህጁብ፣ ንግሥት ትፈራለህ እንዴ?»

«እኔ ወዚር አይፈራም» አለ አባቴ ቀና ሳይል፣ በዚያ በሚንገዳገድ አማርኛው።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የክፍሌ ልጆች ከኋላ አሉ፤ ወንበር ላይ ወጥቼ ያወራሁላቸው። ንጉሡን አንድ ቤት ብዬ ስጽፍ እስክሪብቶውን በጣም ከመጫኔ የተነሳ ወረቀቱ ተቀደደ። ጨዋታው እዚያ ላይ አለቀ ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ በኋላ ሰሌዳውን አላየሁም፤ ዐይኔን ደብተሬ ላይ ተክዬ፣ የሚባለውን ብቻ እየሰማሁ ጻፍኩ።

ቀስ በቀስ አዳራሹ ጸጥ አለ። ደባልቄ ቀልዱን አቆመ። እኔ እንደ ለቅሶ ቤት ነው የገባኝ፤ ለአባቴ አዝነውለት ዝም ያሉ መሰለኝና ውርደቱ እጥፍ ሆነብኝ። ያኔ አንድ ጊዜ ቀና ብል ኖሮ የደባልቄ ግንባር በላብ መራሱን አየው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ።

ሠላሳ አራተኛው ላይ ቀና አልኩ። አባቴ እጁን ወደ ጣቢያው እየዘረጋ ነበር። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። አሁንም ፈራ! አልኩ በልቤ፤ እጁ እንኳ ይንቀጠቀጣል! እስክሪብቶዬን ወለሉ ላይ ወረወርኩና ሰው ሁሉ እንዲሰማኝ፣ በእኛ ቋንቋ ሳይሆን በአማርኛ ጮህኩ።

«ፈሪ!»

አባቴ ደንግጦ ወደ እኔ ዞረ። እጁ ሳያስበው ወረደና ፈረሱ ላይ አረፈ።  ከዚያ ደባልቄ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ሆኖ ተናገረ።

«ይህ አይቆጠርም፣ ልጅቷ ናት ያስደነገጠችህ። ተወውና ያሰብከውን ተጫወት።»

አባቴ ፈረሱን አየው። ቀጥሎ እኔን አየኝ።

«እጅ ነካ፣ አለቀ» አለ። ፈረሱን አንስቶ ተጫወተ።

ዕድል ሲሰጡት እንኳ የማይወስድ ሰው! ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ሮጬ ወጣሁ። የቀረውን ቲቸር ይልቃል ጻፈው። አባቴ በዐርባ አንደኛው እርምጃ ተሸነፈ።

ሰኞ ዱላውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ለደባልቄ መኪና በር ከፈተ፣ በር ዘጋ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር። ዓርብ ሲመጣ ሰሌዳውን ማንጎው ሥር ይዘረጋና «ነይ» ይለኛል። የመጀመሪያው ዓርብ ላይ «ከፈሪ ጋር አልጫወትም» አልኩት። እናቴ በጥፊ ልትለኝ ስትነሳ እሱ «ተያት» አላት። የዚያን ጊዜ እንደ ፍርሃት ነው የቆጠርኩበት፤ ልጁን እንኳ የማይቆጣ አባት አልኩ። በቀጣዩ ዓርብም ዘረጋ፣ በቀጣዩም። ትንሽ ይጠብቅና መጫወቻዎቹን በጨርቅ ከረጢታቸው መልሶ ይከታል። አንድ ቀን መዘርጋቱን ተወ። የትኛው ዓርብ እንደሆነ እንኳ ልብ አላልኩም።

አሁን ባምባሲ አይሲቲ አስተምራለሁ፤ የተማሪዎቹን የቼዝ ክበብም የምመራው እኔ ነኝ። ክበቡን ከጀመርኩ በኋላ ስልኬ ላይ ፎቶ በፎቶ ላይ ይገባልኝ ጀመር። ላኪው ወደ አገሩ ተዛውሮ የሄደው ቲቸር ይልቃል ነበር። «ሂባ፣ ዕቃ ስፈትሽ ይህን አገኘሁ። ያንቺ ደብተር ነው። ጋሽ ማህጁብን ሰላም በይልኝ» ይላል። የዚያን ቀን ጨዋታ ከነተቀደደው ወረቀት።

ደስ አለኝ። እውነቱን ነው የምናገረው፤ ማስረጃ እጄ ገባ ብዬ ደስ አለኝ። ዓርብ ጠዋት ተማሪዎቼን ሰብስቤ ጨዋታውን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አበራሁት። የትምህርቱ ርዕስ «ሰው ከኮምፒውተር ጋር ሲጫወት የሚያመልጡት ዕድሎች» ነበር። ተጫዋቹ ማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። እርምጃዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቼዝ ፕሮግራሙ እያስገባሁ ሃያ ስድስተኛው ላይ ደረስኩና ቆምኩ።

«ንግሥቲቱ በነፃ ቀርባለታለች። አልበላትም። ለምን ይመስላችኋል? ስለፈራ ነው» አልኩ። የዐሥራ ሦስት ዓመት ንዴቴ ድምፄ ውስጥ ነበር።

ሀዊ የምትባል የወለጋ ልጅ አለች፤ ከፊት ነው የምትቀመጠው። እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እስቲ ይብላትና እንየው።»

ወታደሩን አንስቼ አበላሁት። ፕሮግራሙ ለአፍታ እንኳ አላሰበም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ የአባቴ ንጉሥ ሞተ። ስህተት ነው ብዬ መለስኩትና እንደገና ሞከርኩ። እንደገና በአራት ሞተ። ንግሥቲቱ ወጥመድ ነበረች። ከወጥመዱ የምታስወጣ አንዲት እርምጃ ብቻ ነበረች፣ እሷም ንጉሡን ወደ ጥግ ማሸሽ ናት።

«ገባኝ! ወታደሩ እኮ ዘበኛ ነው» አለች ሀዊ በደስታ። «እሱ ከቦታው ከተነሳ የንጉሡ በር ክፍት ይሆናል። ሰውዬው ጎበዝ ነው፣ ቲቸር!»

«ተቀመጪ!» ብዬ አምባረቅኩባት። ልጅቷ ክው ብላ ተቀመጠች። በኋላ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ያን ሰዓት ግን ደሜ ፈልቶ ማንን እንደምቆጣ አላውቅም ነበር። ጨዋታው ያለቀው ሃያ ስድስተኛው ላይ ካልሆነ የት ነው? መቀጠል ፈራሁ። ተማሪዎቹ ደግሞ ይጠብቃሉ። ቀጠልኩ። ከሃያ ሰባት ጀምሮ በእያንዳንዱ እርምጃ ፕሮግራሙ አባቴን ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አደረገው። እኔ ደብተሬ ላይ ተደፍቼ ሳለሁ ሰውዬው ማሽኑን ጥግ አስይዞት ነበር። ሠላሳ አራተኛው ላይ ጣቢያውን ወደ መጨረሻው ረድፍ ቢያወርደው በሦስት እርምጃ ቼክሜት ነው። በዚያ ፈንታ ፈረሱን አንቀሳቀሰ። ፕሮግራሙ ሁለት ቀይ የጥያቄ ምልክት ለጠፈበት።

ደብተሩ ላይም ጽሑፉ የሚቀየረው እዚያው ጋ ነው። እስከ ሠላሳ ሦስት የእኔ ትልልቅ ፊደል፣ ከሠላሳ አራት ጀምሮ የቲቸር ይልቃል ደቃቃ ጽሑፍ።

«እዚህ ጋ ምን ሆኖ ነው፣ ቲቸር?» አለ አንዱ ልጅ ከኋላ።

 «አንዲት ልጅ ጮኸችበት» አልኩ።

«ባለጌ ናት» አለች ሀዊ፣ ቀስ ብላ፤ ገና ከቁጣዬ አላገገመችም።

ሚኒባስ ተሳፍሬ እስከ አሶሳ ድረስ እየበገንኩ መጣሁ። በራሴ ብቻ አልነበረም የተናደድኩት፤ በራሴ መናደዱስ ቀላል ነው። በእሱ ነው። ያውቅ ነበር! ንጉሡን ሲያሸሽ ያውቅ ነበር፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ ማሸነፉን ያውቅ ነበር፣ ፈሪ እያልኩ ስጠራውም ያውቅ ነበር። ሁለት ደቂቃ ቁጭ አድርጎ ቢያሳየኝ ኖሮ ዐሥራ ሦስት ዓመት እንደ ጠላት አላየውም ነበር።

ስደርስ ከጁምዓ ተመልሶ ማንጎው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጧል። መነጽር ለምዷል፣ ዱላው አሁን መደገፊያው ሆኗል። ሰላም ሳልለው የፕሮግራሙ መልስ ያለበትን ስልኬን ፊቱ ደቀንኩት።

«ሃያ ስድስተኛውን ለምን አልነገርከኝም?»

እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ሰላምታ የለም እንዴ አንቺ?» አለች። አባቴ የምን ሃያ ስድስተኛ ብሎ አልጠየቀኝም። ስልኩን ተቀብሎ ወደ ዐይኑ አስጠጋና በፈገግታ አየው።

«ይህ ማሽን ጎበዝ ነው። በአራት ነው የገደለኝ?» አለ በበርታ።

«አትሳቅ! ብበላት እሞት ነበር ማለት ምን ያቅታል? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም እኮ! ፈሪ እያልኩህ ነው ያደግሁት፣ ባባ!»

«ሁለት ደቂቃ ይበቃ ነበር» አለ። ስልኩን መለሰልኝ። «ከዚያስ? አንቺ ሞኝ ልጅ አልነበርሽም። ሃያ ስድስተኛው ስህተት እንዳልሆነ ብነግርሽ፣ ታዲያ ስህተቱ የቱ ነው ብለሽ ነበር የምትመጪው። ሠላሳ አራተኛው ላይ እስክትደርሺ ስንት ቀን ይፈጅብሻል?»

ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

«ዐሥር ዓመትሽ ነበር» አለ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁበት ብለሽ ከማደግ፣ አባቴ ፈሪ ነው ብለሽ ማደግ ይሻላል ብዬ አሰብኩ።»

«ማን አስብልኝ አለህ!» ጮህኩ። ያው የአዳራሹ ጩኸት ነው፣ አንድ ዓይነት ጉሮሮ። «ማን ፈቀደልህ? ደባልቄ ተወውና ተጫወት ብሎህ ነበር እኮ! ያን ጣቢያ አውርደህ ወንበርህን አትቀበልም ነበር? ምን አለበት አንዴ ብትተወው?»

«አንቺን ስንት ወዚር አስበልቼሻለሁ በዚያ ሕግ» አለ። «ስታለቅሺ እንኳ አልመለስኩልሽም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ፣ አንቺ እያየሽኝ፣ ለራሴ ልመልስ?»

እያየሁት ነበር፤ የታየኝ ግን ፈሪ ነው። ሮጬ ወጥቻለሁ።  ትክክል በመሆኑ ተናደድኩ፣ ብቻውን በመሸከሙ ተናደድኩ፣ ያን ሁሉ ዓመት በር ሲከፍት ፊቴን ባዞርኩበት በያንዳንዱ ቀን ተናደድኩ። እንባዬ መጣ፣ በእንባዬም ተናደድኩ።

እሱ ጎንበስ ብሎ ከበርጩማው ሥር የጨርቅ ከረጢቱን ጎተተ። ሰሌዳውን ዘረጋ። ቀርከሃዎቹ ወዝ ጠጥተው ቡናማ ሆነዋል፤ ጥቁሮቹን ከነጮቹ ለመለየት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል።

«ዓርብ ነው። ነይ» አለ።

ሌላ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። እልህ ይዞኝ ነበርና በፍጥነት ነው የምጫወተው፤ በዐሥራ ሦስት ዓመት የተማርኩትን ሁሉ ላሳየው ነው። እሱ አገጩን በመዳፉ ይዞ ቀስ እያለ ይመልሳል። ዐሥራ አንደኛው እርምጃ ላይ ወዚሬን ያዝኩና ላነሳት ስል ነገሩ በራልኝ፤ ከዚያ ከተነቃነቀች ፊሉ ይበላታል። እጄን ሸርተት አድርጌ ወደ ፈረሱ ወሰድኩት። ዐይኑ ደካማ ነው፣ አያይም ብዬ።

ጣቱን ቀሰረ።

«እጅ ነካ፣ አለቀ» አለ በአማርኛ።

ወዚሬን አንስቼ ተጫወትኩ፣ በላትም። ልክ እንደ ልጅነቴ ነው የተናደድኩት፤ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ከበርጩማዬ ግን አልተነሳሁም።